የጋሼ ጥርስ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እትዬ፦

ከወረቀቴ ቀድሞ ሰላምታዬ ደጅዎን ያንኳኳ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳቅዎስ? እኔ በደህና አለሁ። የዚህን ባዕድ አገር ብርድ ለምጄዋለሁ፤ ዝምታውን ግን ገና ነኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ደብዳቤ የምጽፍለት ዘመድ አልቀረኝም። የእናቴ ያጎት ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩኝ። «ሰው ሲቸግረው ነው ዘመዱን የሚያስታውስ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነትዎን ነው፤ ቸግሮኝ ነው።

ቀን ቀን በአንድ ማተሚያ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም አጥባለሁ። በቀረኝ ጊዜ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። የራሴ ሥራ የምለው ቁጣ ነው። ሰው ሲቆጣ አነሳለሁ፤ ኳስ ሜዳ፣ ወረፋ ላይ፣ በመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲሳደብ። ፎቶዎቹ መጥፎ አይደሉም። ግን ብቻቸውን ሲሰቀሉ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ከጎናቸው የዘመዳችን ፊት ያስፈልጋል። በግራ ሰው፣ በቀኝ ዝንጀሮ ወይም ቺምፓንዚ፣ አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ጥርስ። የሚያይ ሰው ይህ ክፉ ነገር ከየት እንደወረደልን ያለ አስተርጓሚ እንዲያየው ነው የምፈልገው።

እዚህ ያሉት ቺምፓንዚዎች ከወፍራም መስታወት ጀርባ ናቸው፤ ባነሳቸው የሚወጣው የራሴ ካሜራ ነው። እርስዎ የሚሠሩበት መናፈሻ ውስጥ ግን ቺምፓንዚው ጋሼ ነበር። ልጅ ሆኜ ባለቤትዎ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ያሳዩኝ የነበረው ጋሼ። አሁንም አለ? ካለ፣ ሲቆጣ አንድ ሁለት ፎቶ ቢያነሱልኝ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ? ካሜራና ፊልም በመንገደኛ እልካለሁ። ቁልፏን መጫን ብቻ ነው።

እድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ።

ልጅዎ

*

ኅዳር 15 ቀን

ለእናትህ ልጅ፣ ለብልጭታ፦

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ደግሞስ እንዴት ነህ? ሦስቴ የጠየቅኩህ አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሁለቱ እንዲደርሱህ ነው። አምላክ እግርህን ከእንቅፋት፣ ሆድህን ከባዶነት ይጠብቅልህ። እኔ በጣም ደህና ነኝ! ካሜራህ በካልሲ ተጠቅልላ ስትመጣ እልል ብዬ ዘበኛውን አስደነገጥኩት። «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ተሾምኩ!» አልኩት።

ብልጭታ ያልንህ ትዝ ይልሃል? አንድ ሰው ካሜራ ካወጣ ገና ሳይነካው ዓይንህን ጨፍነህ ትጠብቅ ነበር። አሁን አንተው አንሺ ሆንክ። እኔንም እዚህ ስም አውጥተውልኛል፤ ሬዲዮ ይሉኛል። መዝጊያ የላትም ለማለት ነው። ይበሉኝ፤ ጣቢያው የራሴ ነው።

ጋሼማ አለ! ምን ይሆናል ብለህ ነው? ሸብቷል፤ ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር ብራማ ሆኗል። ደግሞ ዝንጀሮ አትበለው። ቲኬት ቆራጯ ዝንጀሮ ባለችው ቁጥር እንጣላለን። «ጭራ አለው?» እላታለሁ። «የለውም።» «አንቺስ?» «ኧረ ወዲያ!» «እንግዲያው ዘመዳሞች ናችሁ፣ በስሙ ጥሪው።» ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ስሙን ያወጣለት የመጣ ዕለት ነው። አንድ የከሰረ ሰርከስ በሣጥን አምጥቶ ጥሎት ሲሄድ፣ ከሣጥኑ ወጥቶ እጁን አጣምሮ እንደ ሽማግሌ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ለምን ጉዳይ መጡ?» አለው ባለቤቴ። በዚያው ጋሼ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ዘበኛው ጠዋት ሲገባ ኮፍያውን ያነሳለታል።

አሁን ወደ ጉዳይህ ልግባ፤ አለበለዚያ ወረቀቱ ሰላምታ ላይ ያልቃል። ሲቆጣ አንሺልኝ ብለኸኛል። ይኸውልህ፣ ጋሼ ጥርሱን ያሳያል። ግን ቁጣ አይደለም። ባለቤቴ ነው ያስተማረው። እሱ ካፖርቱን ለብሶ የብረት ፍርግርጉ በር ላይ ይቆምና ጥርሱን ግጥጥ ያደርጋል፤ ጋሼም አይቶ ጥርሱን ግጥጥ ያደርጋል፤ ዳቦ ይመጣል። እያደር ባለቤቴ ጥርሱን ማሳየት አላስፈለገውም፤ ጋሼ ካፖርት ካየ በራሱ ይጀምራል። ድዱ ሁሉ ይወጣል፣ ክንዱን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ይጮሃል። የማያውቅ ሰው ነፍሱ ትወጣለች። ትርጉሙ ግን «ዳቦ» ነው። እንዳትሳሳት ብዬ አስረግጬ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

እውነተኛ ቁጣውን ያየሁት አንዴ ነው፤ አንድ ጎረምሳ የሚነድ ሲጋራ የወረወረበት ዕለት። ጥርስ የለ፣ ጩኸት የለ። ከንፈሩን ግጥም አደረገው። ጠጉሩ ብድግ ብሎ ቆመ፤ እጥፍ ሆነ።  ከዚያ በሩን አንዴ ሲመታው የቲኬት ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ዘበኛውን ያን ቀን «አየህ፣ እኔን አትፍራኝ፤ የሚለፈልፍ አይነክስም» አልኩት።

ፎቶ ማንሳቱን ደግሞ ብታይ! ዘበኛው ካፖርቱን ለብሶ ዳቦ ይዟል፤ እኔ ካሜራ ይዣለሁ።

«ሬዲዮ፣ አውራ ጣትሽን ከመስታወቱ ላይ አንሺ!»

«አንተ ዳቦህን ያዝ፤ ጥበቡን ለእኔ ተው!»

የመጀመሪያዎቹ አውራ ጣቴ ናቸው፤ ለማስታወሻ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ተፈታ። ፊልሙን በዚሁ መንገደኛ ልኬዋለሁ።

አንድ ነገር ላክልበት። መናፈሻው ሊዘጋ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው አሉ። ወፎቹንና ኤሊዎቹን የሚወስድ ተገኝቷል። ጋሼ ግን ገና ነው። ሥራ አስኪያጃችን ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ቦታ ያልተገኘለት እንስሳ «ይወገዳል» ይላል። አሮጌ ወንበር ነው እንዴ የሚወገደው? ወንዝ ማዶ በጫካ ውስጥ የእሱን ቢጤዎች የሚሰበስብ መጠለያ አለ፤ ለእነሱ ጽፈናል። አንተ ትልልቅ ሰው ታውቃለህና ቃል ብታቀብልልኝ። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቢሞት እወድለት ነበር። እስከ ዛሬ የወጣው በር ላይ ነው።

በል ደህና ሁን። የምትተኛበት ይሙቅልህ፣ የምትቆምበት ይጽናልህ።

እትዬህ ሬዲዮዋ

*

ጥር 28 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፦

ባሉበት ሰላም ይክበብዎ፤ ቤትዎን ያድምቅልኝ።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ፊልሙን ያጠብኩት እኔው ነኝ። ምስሉ ከውኃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲወጣ ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንዱ ፎቶ፣ ክንዱን የሰቀለበት፣ የስንት ዓመት ልፋቴን ብቻውን ይሸከማል። አንድ ትልቅ አዳራሽ ሥራዬን ለማሳየት ፈቅዷል፤ የፈቀዱትም ያንን አይተው ነው። በግራው የሚሰቀለውን ሰው ቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ያነሳሁት አሮጌ ፎቶ ነው። ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ክፍሉ ጠበበኝ።

የመጠለያውን ጉዳይ አልረሳሁም። ትርኢቱ ይከፈት እንጂ ብዙ ሰው አገኛለሁ፤ ያኔ እናገራለሁ።

እስከዚያው ተጨማሪ ፎቶ ቢኖር፣ በተለይ በሩን ይዞ ሲነቀንቅ፣ በጣም ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ

*

የካቲት 20 ቀን

ለብልጭታ፣ ለትልቁ ሰው፦

እንዴት ሰነበትክልኝ? ስምህን ከፍ፣ ልብህን ዝቅ ያድርግልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጋሼም ደህና ነው። እጁን በበሩ አሾልኮ የካፖርቴን ቁልፍ በጥሶ ወሰደ፤ «መልስ!» ብለው አፉ ውስጥ ከተተው። ልጅ ያላገኘሁት ለካ ጋሼን ላሳድግ ነው።

አዳራሽ ማግኘትህን ስሰማ የምይዘውን አጣሁ። እኔ ያነሳሁት ፎቶ! ለቲኬት ቆራጯ ነገርኳት። «አንቺ? አውራ ጣትሽን ነው?» አለችኝ። ቅናት ነው።

«ትርኢቱ ይከፈት እንጂ» ያልከው ገብቶኛል። ቅድሚያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። አትቀየመኝ፤ ቀልዴ ነው። ግን ጊዜው እየሄደ ነው። ወፎቹ ሄደዋል። ጠዋት ስገባ የለመድኩት ጫጫታ የለም፤ ግቢው ሰው የሞተበት ቤት መስሏል። መጠለያው መልስ ሰጥቷል፤ እንቀበላለን ብለዋል፣ ተመስገን! የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሰው የማይተናኮል ነው» ብሎ የፈረመ ሐኪም። በቃ። ይቺማ ምን አላት?

በሩን ሲነቀንቅ ላልከው ግን እንጃ። ጋሼ በሩን የሚነቀንቀው ሲያስቆጡት ነው። ደግሞ ለምን አስቆጣዋለሁ? ፎቶ የለኝም፤ ይቅርታ።

በግራ የሚሰቀለው ሰው ማነው? ልጅ ሆነህ ያነሳኸውን ሰውማ ሳላውቀው አልቀርም። ወሬ ነፍሴ ነው፤ ጻፍልኝ።

እትዬህ

*

መጋቢት 25 ቀን

ለእትዬ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአጭሩ ልጻፍ፤ ሰው በሰው ላይ ሆኖብኛል። ትርኢቱ ተከፍቷል፤ ሽልማትም አገኘ። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ለአዳራሹ በር ማስታወቂያ ያሳተሙትን ትልቁን ወረቀት በካርቶን ቱቦ ልኬልዎታለሁ። እጅዎን ስሜያለሁ። ስለ መጠለያው ሰሞኑን አነጋግራለሁ።

ልጅዎ

*

ሚያዝያ 18 ቀን

ለምወድህ ለብልጭታ፦

ጤናህን ያብዛልህ፤ ካለህበት ቀና ብለህ የምትሄድበት ዘመን ያድርግልህ።

በደስታው ልጀምር፣ ምክንያቱም ደስታው ቀድሞ ነው የመጣው። ቱቦውን በፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከፈትኩት፤ እቤት እስክደርስ የት ችዬ! ጋሼ! በቁመቱ! ያቺ የጎደለች የታች ጥርሱ ሳትቀር! «የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት» ስል አንዲት ሴትዮ «ባልሽ ነው?» አለችኝ። እስክወድቅ ሳቅሁ።

ከዚያ ግራውን አየሁ። አባትህ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እጁን እንዳነሳ። ያን ቀን እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበር። እሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ መናፈሻ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተደሰተ፤ «ከዚህ ግቢም ዝና ወጣ!» ብሎ በቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለልኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ያጣበቅሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ የተጻፈውን የውጭ ቋንቋ ፊደሉን አነበብኩ እንጂ ትርጉሙን አላወቅሁም። ስምህ እንደሆነ ብቻ ለየሁ። ደስ አለኝ፤ ስምህ በትልቁ ነው።

በሳምንቱ ሐኪሙ ሊፈርም መጣ። እኛ ያለን የላምና የበግ ሐኪም ነው፤ ቺምፓንዚ ከጋሼ በቀር አይቶ አያውቅም፣ ጋሼንም ቢሆን ከሩቅ። ጥሩ ሰው ነው። ቢሮ ገባ፣ ብዕሩን አወጣ፣ ቀና ሲል ግድግዳውን አየ። እዚያ ቆሞ አነበበው።

«ይሄ ይሄኛው ነው?» አለኝ።

«አዎ! እኔ ነኝ ያነሳሁት» አልኩት በኩራት።

«ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«የልጁ ስም ነው።»

«ከስሙ በላይ ያለውን። ‹ቁጣ፦ አባትና ወንድም› ነው የሚለው።»

«ኧረ ዳቦ ነው!» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ባለቤቴን፣ ካፖርቱን፣ ዳቦውን። ሰማኝ። ከዚያ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ወደ ጋሼ ሄድን። መቼም የሚሆነውን ታውቀዋለህ። ጋሼ ካፖርት ሲያይ ተደስቶ ጥርሱን ሁሉ አወጣ፣ ክንዱን ሰቀለ፣ ጮኸ። ዳቦ አልያዝኩም ነበር። ደገመው። ሐኪሙ ከግንቡ ጋር ተጣበቀ።

«እትዬ፣ ለላም ብትዪኝ አሁኑኑ እፈርማለሁ» አለኝ ላቡን እየጠረገ፤ «መጠለያው ውስጥ ግልገሎች አሉ። የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ነገ አንዱን ቢገነጥለው፣ ፎቶውን በዓይንህ አይተህ እንዴት ፈረምክ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

«ያነሳሁት እኔ ነኝ እያልኩህ!»

«የአንሺው ስም እዚህ ተጽፏል፤ ያንቺ አይደለም።»

እውነቱን ነው፤ የእኔ አይደለም። እሱን ተወው፤ ስም ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ግን በመጨረሻ ምን አለኝ መሰለህ? «አንሺው ራሱ ቁጣ አይደለም ብሎ ከጻፈልኝ እፈርማለሁ።» እጄን በእጁ መታልኝ። ቃል ነው።

እና የኔ ጌታ፣ አንድ መስመር ነው። «ጥርሱን ያሳየው ዳቦ ለመለመን ነው፤ ፎቶው ከመሰቀሉ በፊት ተነግሮኝ ነበር።» በውጭ ቋንቋም ቢሆን ይነበባል። ፈርመህ ላክልኝ። መናፈሻው የሚዘጋው ሐምሌ ሲያልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አለን።

ገንዘብ አልፈልግም፤ ፊልምም አልፈልግም። ያቺን መስመር።

እትዬህ ሬዲዮዋ

*

ሰኔ 3 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፦

ሰላምዎ ይብዛ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ብዙ ጊዜ ለመጻፍ ተቀምጬ ተነስቻለሁ።

እትዬ፣ ሥነ ጥበብ ምስክርነት አይደለም። ፎቶ አንድ ቅጽበት ነው የሚይዘው። የሚያየው ሰው ያየውን ያያል። ጋሼ ምን አስቦ እንደነበር እኔም እርስዎም በእርግጠኝነት ማወቅ አንችልም። ሐኪሙ ሥራውን ራሱ መሥራት ነበረበት።

ይህን ጽፌ ልልከው ነበር። አሳፈረኝ። እውነቱን ልንገርዎ።

ያን የአባቴን ፎቶ ስንት ዘመን በሣጥን ውስጥ ደብቄ ይዤው ዞርኩ። ማየት አልችልም ነበር። የጋሼን ከጎኑ ሳደርገው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። አባቴ ብቻውን አልነበረም፤ እጁ የሱ ብቻ አልነበረም፣ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ከዛፍ ላይ ወርዶ እሱ ጋ የደረሰ ነው አልኩ። ይቅር ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ሰዎች ከፎቶዎቹ ፊት ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ እነሱም የየራሳቸው አባት አላቸው።

አሁን በቀኙ ያለው ዳቦ እየለመነ ነው ብዬ ብጽፍ፣ በግራው ያለው ብቻውን ይቀራል።

ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

ልጅዎ

*

ሰኔ 24 ቀን

ለልጄ፦

ደህና ነህ? አምላክ ሌሊትህን ያቅልልህ።

እንደዚህ ያለውን ለማንም ያልተናገርከውን ስለነገርከኝ ልቤ ተነካ። እኔም ስላባትህ የማውቀውን ልንገርህ፤ ለሌላ ጊዜ ያልኩህን። ያኔ ከምትላላክበት ፎቶ ቤት ካሜራ ሳታስፈቅድ ይዘህ መጣህ። አባትህ «አምጣ» አለ፤ አንተ በሩቁ ሆነህ አነሳኸው። ያኔ ነው እጁን ያነሳው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። ከእናትህ ጋር ሆነን ጠቅልለን ነው ያስተኛንህ። አልተሳሳትክም። አባትህ እውነት ተቆጥቶ ነበር። ያ ፊት ቁጣ ነው። ከፈለግህ ምስክር እሆንሃለሁ፤ እኔ እንዳንተ ጊዜ አልለምንም።

ጋሼ ግን የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ አልነበረም። ማንንም አልመታም። ሰው የሚመታው ከጋሼ ወርሶ ከሆነ፣ ጋሼ ራሱ የማይመታው ከማን ወርሶ ነው? የሚያስፈልግህ ፊት አባትህን የሚያግዝልህ ነበር፤ ገብቶኛል። ግን ሸክሙን ያሸከምከው የማይናገረውን ነው። በግራ ያለው ብቻውን ይቀራል ትለኛለህ። ይቅራ። ብቻውን ይቁም። ብቻውን ነው የመታህ።

ተቆጣሁብህ መሰለህ? አልተቆጣሁም፤ እየለፈለፍኩ ነው።

ኤሊዎቹም ሄደዋል። ቲኬት ቆራጯ ሥራ ለቃለች፤ ስትሄድ ጋሼን በስሙ ጠርታ ተሰናበተችው። ዘበኛውና እኔ ነን የቀረን። ሥራ አስኪያጁን ወረቀቱን አንሳው ብዬ ለመንኩት፤ «ዝናችን ነው» አለኝ። እኔ ያጣበቅኩት ሙጫ ነው፤ ቢያነሱትም አይነሳ። ጋሼ ማንም ሲያልፍ ጥርሱን ያሳያል፤ የሚያልፍ ሰው ስለጠፋ ነፋስ በሩን ሲያንኳኳም ያሳያል። የማልቀርበት ቀን የለም። ዳቦው አልጎደለበትም።

አንድ መስመር፣ ልጄ። ሐምሌ አጭር ነው።

እትዬህ

*

ነሐሴ 6 ቀን

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ፦

በሙሉ ልቤ ሰላም እላለሁ። አድርጌዋለሁ። ከዚህ ጋር ያለው ሁለተኛው ወረቀት ምስክርነቴ ነው፤ ፈርሜያለሁ፤ የአዳራሹ ማኅተምም አለበት። ቁጣ እንዳልሆነ፣ አስቀድሞ እንደተነገረኝ፣ ፎቶውንም ያነሱት እርስዎ እንደሆኑ ጽፌያለሁ። ለአዳራሹም ነግሬያለሁ፤ ፎቶዎቹ ወርደዋል። ሽልማቱን መልስ ይሉኝ ይሆናል፤ ይበሉኝ። ስለዘገየሁ ምንም አልልም። ደርሶልኝ ይሆን? በአስቸኳይ ይጻፉልኝ። ለጋሼ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ

*

መስከረም 12 ቀን

ለብልጭታ፦

ጤና ይስጥህ።

ወረቀትህ ደርሷል። ለሐኪሙ ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈውና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። በአንተ ለመሳለቅ አይደለም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሐምሌ ሲያልቅ ጠመንጃ ይዞ የመጣው ሰው ካፖርት ለብሶ ነበር። ጋሼ ሲያየው ጥርሱን አሳየው። ሰውዬው ወደ ኋላ ዘለለና «አያችሁ!» አለ። ዳቦው እጄ ላይ ነበር። አላስገቡኝም። ጋሼ እንደገና ጥርሱን አሳየው።

ካሜራህን በዚህ መንገደኛ መልሻለሁ። ከላክህልኝ ፊልም አንዱ ሳይነካ ቀርቶ ነበር፤ ዘበኛውን አንሳኝ አልኩት። በጋሼ በር ላይ ቆሜ ነው። «ሬዲዮ፣ ሳቂ እንጂ» አለኝ። አልሳቅሁም። እጠበውና እየው። ስትፈልገው የነበረው እሱ ነው። ጥርስ አይታይበትም።

ዘመድህ